የቀለም ቱቦ እናስገጥም ወይስ ባለታንኩን እንግዛ?



ሰሞኑን የእስቴ ወጣቶቻችን አንድ ጥያቄ ይደጋግሙልናል፦ «ቤታችን ውስጥ ጉርድ ፎቶ እያተምን ሐላል ሪዝቅ ልንፈልግ አስበናል። በካርትሪጅ የሚሠራ ፕሪንተር ገዝተን የቀለም ቱቦ እናስገጥምበት ወይስ ታንኩ ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን እንግዛ?» እኛን የጠየቁን የመድረሳው ወረቀት በእጃችን ስለሚታተም ነው። ሐሳባችንን ሳንሸሽግ እንናገር፦ ባለታንኩን ግዙ። ገንዘቡ ካልሞላ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አዋጡ፤ በወለድ ግን አትበደሩ።

የሁለቱም አሠራር አንድ ነው። ቀለሙ ከማጠራቀሚያው በቀጭን ቱቦ ወደ ሄዱ ይሄዳል፤ በየጊዜው ካርትሪጅ መግዛት ይቀራል። ልዩነቱ አገጣጠሙ ላይ ነው። በኋላ የሚገጠመው ቱቦ ሄዱ ሲመላለስ ይታጠፋል፣ አየር ይገባበታል። ማጠራቀሚያው ከፕሪንተሩ ከፍ ካለ ቀለሙ ይፈስሳል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ወደ ሄዱ አይደርስም። እኛም መጀመሪያ በርካሹ ጀምረን አይተነዋል፤ የደረሶች የፈተና ወረቀት በሚታተምበት ቀን ጠረጴዛው በቀለም ተነከረ። መካነ ኢየሱስ ተቀምጦ ጠጋኝ ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር መጠበቅ «አተረፍን» ያልነውን ይበላዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። ኤፕሰን ባለታንኩን ፕሪንተር በ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው በኢንዶኔዥያ ነው፤ ሕዝቡ በየሱቁ ቱቦ እያስገጠመ ሲጠቀም አይቶ።

ለፎቶ ከሆነ ከባለ 4 ቀለሙ ባለ 6 ቀለሙ ይሻላል። ፈዛዛ ሰማያዊና ፈዛዛ ሮዝ ስለሚጨመሩበት የፊት መልክ ነጠብጣብ ሳይበዛበት ለስልሶ ይወጣል። ኤፕሰን ኤል 805 ከዚህ ዓይነት ነው፤ ቀለሙ በ70 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይሸጣል።

ነገር ግን በወር አንዴ ብቻ የምታትሙ ከሆነ ሁለቱንም አትግዙ። ሥራ የፈታ ሄድ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሁሉንም ቀለም የሚነካ ገጽ ማተም ያስፈልጋል። ስታጠፉት በራሱ ቁልፍ እንጂ ሶኬት ነቅላችሁ አይሁን፤ በቁልፉ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ቦታው ተመልሶ ይከደናል። እያተማችሁ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ ቶሎ አብሩትና ይከደን። «ሄድ ክሊኒንግ» የሚባለውንም አታብዙ፤ ብዙ ቀለም ይጨርሳል፣ የፈሰሰውን ቀለም የሚይዘውን ስፖንጅም ይሞላል።

ከሁሉ በላይ የምንፈራላችሁ የቀለሙን ነገር ነው። ምንነቱ የማይታወቅ ርካሽ ቀለም ዛሬ ያምራል፤ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ግን ቶሎ ሊገረጣ ይችላል። ከገጠር መጥቶ፣ እህሉን ሸጦ የከፈላችሁ አባት ይህን አያውቅም፤ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ጉድለቱን ደብቆ መሸጥ ደግሞ ገበያ ላይ ባለ እህልም ሆነ በጠርሙስ ቀለም ያው ማታለል ነው። ለፕሪንተሩ የተሠራውን ቀለም ተጠቀሙ፤ ካልቻላችሁ ለደንበኛው ነግራችሁ ዋጋውን ቀንሱለት። ትርፉ ቢያንስም በረካው ይበዛል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ሪዝቃችሁን ሐላልና ሰፊ ያድርግላችሁ። ሊገዛ ያሰበ ወንድም ካላችሁ አድርሱለት።