ተነግሮናል እንጂ ተጠይቀን አናውቅም!

ጎበዝ፣ «ውይይት» የሚለው ቃል ትርጉሙ የተለወጠው ከመቼ ጀምሮ ነው? እኔ እስከማውቀው ድረስ ውይይት ማለት አንዱ ሲናገር ሌላው አዳምጦ፣ ሌላውም በተራው ተናግሮ፣ በመጨረሻ ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ላይ የሚደረስበት ነው። በከተማችን ግን «ከነዋሪው ጋር ውይይት ተደረገ» ሲባል ነዋሪው ተሰበሰበ፣ ሰፈሩ እንደሚፈርስ ተነገረው፣ አጨብጭቦ ተበተነ ማለት ሆኗል።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። አክስቴ ከ40 ዓመት በላይ የኖረችው ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ለአካባቢው ምግብ ቤቶች እንጀራ እየጋገረች ሦስት ልጆች አሳድጋለች። በ2016 ዓ.ም. አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራች። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ተከትያት ገባሁ። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰው ስለ ልማት አንድ ሰዓት ያህል ከተናገሩ በኋላ «አስተያየት ያለው?» አሉ። አክስቴ እጇን አወጣች።

«ልማቱን አልጠላም። ግን በምሄድበት ቦታ እንጀራዬን ማን ይገዛኛል?»

መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እናት፣ እሱን እዚያ ሲደርሱ የሚመለከተውን አካል ይጠይቃሉ!»

ወር እንኳ ሳይሞላ ዕቃዋን በአይሱዙ ጭና ከከተማዋ ጫፍ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደች። እውነት ለመናገር ቤቱ ከቀድሞው በብዙ ይሻላል። ጣሪያው አያፈስም፣ ሽንት ቤቱም የራሷ ነው። ስድስት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ሲሰለፍ የኖረ ሰው ይህን ቢክድ ነውር ነው። መንገዱም ቢሆን አምሯል፤ እግረኛ መኪና ሳይጋፋው የሚሄድበት ሰፊ መተላለፊያ አግኝቷል። እኔም ስሄድበት ደስ ይለኛል። ታዲያ ቅሬታው ምንድን ነው?

ቅሬታው ወዲህ ነው። የአክስቴ ደንበኞች ግማሾቹ አብረው ፈረሱ፣ የቀሩት ደግሞ ለእነሱ እንጀራ ለማድረስ ሁለት ታክሲ መሳፈር ይጠይቃል። ትርፉ ለታክሲ አይበቃም። ከቤቷ ጎን የተለጠፈችውን የጭቃ ክፍል ተከራይቶ ይኖር የነበረው ሊስትሮ ደግሞ ከነጭራሹ መዝገብ ላይ ስሙ ስላልነበረ ምትክ የሚባል ነገር አልደረሰውም። ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ። የት እንደገባ እኛም አናውቅም።

ከሁሉም የከነከነኝ ግን የዕድሩ ነገር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በስንት ዓመት መዋጮ የተገዛ ነው። አባላቱ በአራት አቅጣጫ ሲበተኑ ንብረቱን ማን ይውሰደው? ባለፈው ከቀድሞዎቹ ጎረቤቶች አንዷ አርፋ ለቅሶ ሄድን። ጥሩምባ ነፊው አዛውንት ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። «ዛሬ ለምን አልነፉም?» ብላቸው፣ «የት ሰፈር ልንፋው ልጄ?» አሉኝ። ምን እላለሁ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ጎረቤት ሲበተን የሚጠፋውን ግን የትኛውም ካሳ አይተካውም።

አንባቢ ሆይ! «ይህ የስሜት ወሬ ነው፣ ሕጉ ምን ይላል?» ትል ይሆናል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ንብረት ያለው ሰው ካሳውን ከተቀበለ በኋላ ቦታውን እስኪያስረክብ 120 ቀን እንዲሰጠው፣ የቀበሌ ቤት ተከራይም ምትክ ቤት የመከራየት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል እንዲኖረው ብሎ ነው የወጣው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ብዙ ሰው የማይጠቅሰው አንቀጽ 43 ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አስተያየታቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። «ይነገራቸዋል» አይልም። ይጠየቃሉ ነው የሚለው! ለመሆኑ የሚጠየቀው መቼ ነው? ፕላኑ ገና እርሳስ ላይ ሳለ ነው ወይስ ዶዘሩ ሞተሩን አስነስቶ ደጃፍ ሲቆም? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነው ነገሩ።

ሳይጠይቁ መወሰን የሚያስከትለውን ደግሞ አገሩ ሁሉ አይቶታል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ ገጠመው። በ2008 ተቃውሞው ዳግም ተቀጣጥሎ የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ ጥር ላይ «ፕላኑ ቀርቷል» ተባለ። ያንን ገበሬ በጊዜው ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ምን ያህል ያስወጣ ነበር? የሻይና የዳቦ ወጪ ነው እኮ! ከዚያ ትምህርት ተወስዶ ቢሆን ኖሮ በ2016 የፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ የካዛንችስ ነዋሪ በጥድፊያ ዕቃውን ባልጫነ ነበር።

የከተማውን ፕላን የማጽደቅ ሥልጣን ቻርተሩ የሰጠው ለከተማው ምክር ቤት ነው። ምክር ቤት ደግሞ ስሙም እንደሚነግረን ምክር የሚመከርበት ቤት እንጂ የተወሰነ ነገር የሚጨበጨብበት አዳራሽ አይደለም። 138 መቀመጫ ተዘጋጅቶለት አንድ እንኳ «የእኔ መራጮች ምን ይላሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘበት፣ ከወንበሮቹ ይልቅ የዕድራችን ወንበሮች ይሻላሉ። እነሱ ላይ ቢያንስ ዳኛው ተወቅሶባቸዋል፣ ገንዘብ ያዡ ተመርምሮባቸዋል።

በ2009 የተዘጋጀው የአሥር ዓመት መዋቅራዊ ፕላን ዘመኑ ሲያልቅ ሌላ ፕላን መምጣቱ አይቀርም። እንግዲህ የምንለምነው ሳይሆን የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት በየወረዳው በር ላይ ይለጠፍ፤ ማን ይነሳል፣ መቼ ይነሳል፣ ወዴት ይሄዳል የሚለው ሰው በሚገባው አማርኛ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ነዋሪው የሰጠው አስተያየት በቃለ ጉባኤ ተይዞ ምክር ቤቱ ፊት ይነበብ፤ ውድቅ የተደረገውም ምክንያቱ ይነገረን። ሦስተኛ፣ ሰፈር መነሳቱ ግድ ከሆነ ሰው እንደ ጤፍ አይበተን፤ ዕድሩ ከነድንኳኑ፣ ጎረቤት ከነጎረቤቱ አንድ ቦታ ይግባ። የተማሪ ልጅ ያለውም የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ይጠበቅ። አራተኛ፣ ውል የሌለው ተከራይም ሰው ነውና ይቆጠር።

ይህ ልማት ማደናቀፍ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። እኔ የማውቀው ልማት ለሰው መሠራቱን ነው። አክስቴ ዛሬ ኮንዶሚኒየሟ በረንዳ ላይ ቆማ ወደ ከተማው ትመለከታለች። ምጣዱ ተከድኖ ተቀምጧል። ያቀረበችው ጥያቄም እንደዚያው ነው፤ የሚመለከተው አካል እስካሁን አልተገኘም።

ቸር ያሰማን!