«ምንም አይላትም!»

ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ረጅምም ነው። ቸኩያለሁ የምትሉ ሌላ ጊዜ ተመለሱ፤ ጽሑፉ ራሱ ስለ ችኮላ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሐምሌ 12 ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በአባቴ ዲኤክስ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ልንሄድ ነበር። ፎቶ ተለጥፏል፣ «መልካም ጉዞ» ተብሏል፣ የድሮ ተማሪዎቼም «ቲቸር፣ የኬንያ ሻይ ቅጠል እንዳይረሱን» ብላችሁኛል። አልሄድንም። ጉዞውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ሊነሳ ሦስት ቀን ሲቀረው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ነገር እሰማለሁ። ጓደኞቼ «ፈርተህ ነው» ይሉኛል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ድሮስ በአሮጌ ዲኤክስ ናይሮቢ ይኬዳል እንዴ?» ትላላችሁ። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። የቀረነው መኪናዋ ስላረጀች አይደለም። ያስቀረችን «ምንም አይላትም» የምትባለው አነጋገር ናት።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልናገር፣ ስሟ ጠፍቷልና። የ1982 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ 1300 ሞተር፣ ካርቡሬተር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የሌላት። ብትበላሽ ከሞጆ እስከ ማርሳቢት ያለ መካኒክ ሁሉ ኮፈኗን ከፍቶ የሚያየውን ያውቃል። ዕቃዋ ሶማሌ ተራ ይገኛል። መንገዱም የድሮው አይደለም። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞያሌ ናይሮቢም እንደዚያው። ያ ስንቱን መኪና ሲሰብር የኖረው የኬንያ ሰሜን አቧራ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ ተመርቋል። ስለዚህ «በዲኤክስ አይኬድም» የምትሉኝ፣ ይኬዳል። ጥያቄው እንዴት ሆና ትሄዳለች ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። «ናይሮቢ ልንሄድ ነው፣ በደንብ እያት» አልነው። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ሞተሩን አስነሳና ጆሮውን ሰጠ፣ ከዚያ ኮፈኑን ዘጋው። «ምንም አይላትም! ጃፓን እኮ ናት!» ዘይት ቀየረልን፣ ከፈልን፣ ተደስተን ወጣን።

እኛስ ምን ሠራን? አንዱ የወንበር ልብስ ገዛ። አንዱ ፖርቶ መጋላ አሠራ። ከኋላ መስታወቱ ላይ የአፍሪካ ካርታ ተለጠፈ። ለስፒከር ገንዘብ ተዋጣ፤ እኔም አዋጥቻለሁ፣ አልክድም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛ ጠምጥመን ጨረስን። የፍሬን ዘይት መቼ እንደተቀየረ ግን ከአራታችን አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

«ከመሄዳችን በፊት ባቱ ደርሰን ዓሣ በልተን እንመለስ፤ መኪናዋን እንያት» ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ፣ ግን መጡ። አንዱ ጓደኛዬ የ6 ዓመት ልጁንም ይዞ መጣ።

መቂን እንዳለፍን የሙቀቱ መርፌ መውጣት ጀመረ። ቆምን። ጓደኛዬ ዘሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት፤ «አቃጣሪ» አለኝ። ሲበርድ ውኃ ጨመርንና ቀስ እያልን ደረስን። ዓሣውን በላን። ስንመለስ ሞጆ አካባቢ ከፊታችን አንድ አይሱዙ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። እግሬ ሥር ያለው ነገር እንደ እርጎ ለስልሶ ወደ ታች ወረደ፣ መኪናዋም ወደ ቀኝ ጎተተችኝ። ደግሜ ረገጥኩ። ከአይሱዙው አንድ ክንድ ሲቀረን ቆመች። ከኋላ ተኝታ የነበረችው ልጅ ተንሸራታ ግንባሯ የፊት ወንበሩን መታው። ደም አልነበረም፣ ለቅሶ ብቻ።

አሥር ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም። ከዚያ አባቷ ምን አለ መሰላችሁ? «ምንም አይልም፣ ዋናው ተርፈናል።»

እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ልጁ ናት እኮ!

በማግስቱ መኪናዋን ዓለም ባንክ አካባቢ ወደሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ወሰድኳት። እኔ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ ነው የማውቀው። ቀኑን ሙሉ ፈታትቶ ያየውን አንድ በአንድ አሳየኝ። ሁላችሁም መኪና ያላችሁ ስሙኝ፣ የእናንተም ከዚህ አትርቅምና።

አንደኛ፣ ቴርሞስታት የላትም። ከዓመታት በፊት አንዱ አውጥቶ ጥሎታል። «ለኛ አገር አያስፈልግም» የሚባለውን ሰምታችኋል። ቴርሞስታት ሞተሩ 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ውኃውን ዘግቶ የሚያቆይ፣ ከዚያ የሚከፍት ነገር ነው። ከሌለ ሞተሩ ከተማ ውስጥ በቂ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል። ታዲያ ለምን ያወጡታል? ራዲያተሩ በቧንቧ ውኃ ዝቃጭ ተደፍኖ ሞተሩ ሲግል ራዲያተር ከማጽዳት ቴርሞስታት መጣል ስለሚቀል ነው። በሽታው እዚያው አለ፤ ምልክቱ ብቻ ተደበቀ። ከጦር ኃይሎች አየር ጤና ስትመላለስ አይታወቅም። አራት ሰው ጭናችሁ በበረሃ አምስት ሰዓት ስትነዱ ግን ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ የራዲያተሩ ክዳን ስፕሪንግ ላልቷል። «ክዳን ምን ያደርጋል?» አትበሉኝ። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ እጃችሁን አውጡ፤ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? በ100 አይደለም፣ በ92 ገደማ ነው፤ ከፍታችን የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ውኃው ከ110 በላይ ሳይደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። የላላ ክዳን ያለው ራዲያተር ያው ክፍት ድስት ነው። ከዚያ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ እናንተም ቱርቢ ሜዳ ላይ ቁጭ ትላላችሁ።

ሦስተኛ፣ ፍሬን። የኋላ ግራ ጎማ ውስጥ ያለችው ትንሿ የፍሬን ፖምፓ ታፈሳለች፤ ሸራው በዘይት ርሷል። ለዚህ ነው ወደ ቀኝ የጎተተችኝ። የፍሬን ዘይቱ ቡና መስሏል። ይሄ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲገባበት ወደ 140 ይወርዳል። ከይርጋ ጨፌ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ጭነት ይዛችሁ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ ስትወርዱ 140 ሩቅ አይደለም። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይታመቃል እንጂ መኪና አያቆምም። መፍትሔው ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየርና ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድ ነው። ያን ያህል ነው!

አራተኛ፣ ጎማ። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል። ተማሪዬ ጎኑ ላይ ያሉ አራት ቁጥሮችን በጣቱ አሳየኝ፦ 1811። በ2011 እ.ኤ.አ. በ18ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። 14 ዓመት! ጎማ ሳይነዳበትም ያረጃል፤ ላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቅና በሙቀትና በፍጥነት ይፈነዳል። ዛሬ ማታ ወርዳችሁ የራሳችሁን ቁጥር አንብቡ፣ ምንም አይከፈልበትም።

አምስተኛው መካኒክ የማያየው ነው፣ ወረቀት። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመቱ፤ ሊብሬው ዛሬም በእሱ ስም ነው። «ምንም አይልም፣ ማን ይጠይቀኛል» ስል ኖርኩ። ድንበር ላይ ይጠየቃላ! የሞተ ሰው ውክልና አይሰጥም። መኪናዋ ወጥታ የምትመለስ መሆኗን የሚያሳይ የጉምሩክ ወረቀት ያስፈልጋል፣ እሱም በባለቤቱ ስም ነው። የኢንሹራንስ ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባል አለ፤ እዚሁ አገር ካለ ኢንሹራንስ ተገዝቶ ኬንያ ውስጥ ለሦስተኛ ወገን የሚሠራ። ከጓደኞቼ አንዱ ስሙን ሲሰማ የቢጫ ወባ ክትባት መስሎት ነበር። ሌላው «ሞያሌ ስንደርስ እናወራቸዋለን» አለ። እናወራቸዋለን!

ስድስተኛ፣ ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበርን። የእኛ መኪና መብራት አጭሩ ሲበራ ወደ ቀኝ ጠርዝ ከፍ ብሎ እንዲያሳይ የተሠራ ነው። እዚያ ቀኝ ማለት ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ነው። መፍትሔው መስታወቱ ላይ በትክክለኛው ቦታ የሚለጠፍ ቁራጭ ፕላስተር ነው፣ ከዚያም ይልቅ በሌሊት አለመንዳት። መሪው በግራ ስለሆነ ደግሞ ከከባድ መኪና ኋላ ሆኖ ሹፌሩ ከፊት የሚመጣውን አያይም፤ ለመቅደም ከጎን የተቀመጠው ሰው ዓይኑ መሆን አለበት። ስለዚህ ጎን የሚቀመጠው ስፒከር የሚነካካው ሳይሆን የማይተኛው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ለክርክራችሁ።

«ገንዘብ የለም» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ለእኔ አትነግሩኝም። ግን ፖርቶ መጋላው፣ የወንበር ልብሱና ስፒከሩ በምን ተገዙ? ቴርሞስታቱ፣ ክዳኑ፣ የፍሬን ዘይቱና ትርፍ ቺንጋው ተደምረው ከስፒከሩ ያንሳሉ፤ ገዝቼ ነው የምነግራችሁ። ጎማ ውድ ነው፣ አዎ። ጎማ ካልቻልን አንሄድም፣ በቃ።

«ቦሎ አላት» ትላላችሁ። ቦሎ የዚያን ቀን ምርመራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያፈሰሰውን ፖምፓ አያውቅም።

«ፈጣሪ ያውቃል» ትላላችሁ። ያውቃል። እኔም ጸሎት አድርጌ ነው የምነሳው። ነገር ግን የፍሬን ዘይት መቀየርን ለፈጣሪ የቤት ሥራ የሰጠው ማነው?

«መንገዱ ራሱ ሰላም ሳይሆን አንተ ስለ ክዳን ታወራለህ» ያላችሁኝም አላችሁ። ይሄኛው ከባድ ነው፣ አልቀልድበትም። ስለ መንገዱ በየቀኑ የሚመላለሱ ሹፌሮችን እንጠይቃለን፤ አትሂዱ ካሉን አንሄድም። ግን በእጃችን ያልሆነ አደጋ አለና በእጃችን ያለውንም እንተወው ማለት አይገባኝም።

ደግሞ አስቡት፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ኤሌክትሪኩን መግዛት የሚችል ይግዛ። የቀረነው ልጆቻችንን የምናመላልሰው ገና ለብዙ ዓመት በእነዚህ አሮጌዎች ነው። ናይሮቢ ሄድክም አልሄድክም፣ የእኔ ነገር ያንተም ነው።

አባቴ መካኒክ አልነበረም፣ ትምህርትም ብዙ አልተማረም። ግን ቁልፍ ሳያዞር በፊት ሁልጊዜ ኮፈን ይከፍት ነበር፤ ውኃ፣ ዘይት፣ ቺንጋ። ከዚያ ጎማውን ዞሮ አይቶ ከሥር ጎንበስ ይል ነበር፣ የፈሰሰ ካለ ብሎ። አምስት ደቂቃ። እኛ ልጆቹ መኪና ውስጥ ሆነን «አባዬ እንሂድ እንጂ!» እንለዋለን። ከ40 ዓመት በላይ የኖረችው በጃፓንነቷ መስሎን ነበር። ሰባት ዓመት እኔ ያዝኳት፣ ይኸው።

ሥራው ተጀምሯል። ራዲያተሩ ታጥቦ በኩላንት ተሞልቷል፣ ቴርሞስታት ገብቷል፣ የፍሬን ፖምፓዎቹና ሸራው ተቀይረዋል። ማኒኮቶ የሚባለው የራዲያተር ቱቦ፣ ቺንጋና ካንዴላ በትርፍ ተይዘዋል። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘንም ገዝቻለሁ፤ አስፋልት ላይ ድንጋይ ደርድረን፣ ስንነሳ ድንጋዩን ለሚቀጥለው ሟች ትተን የምንሄደው ይብቃን። ጎማው የነሐሴን ደመወዝ ይጠብቃል። የሊብሬው ነገር ፍርድ ቤት ነው፤ የወራሽነት ማረጋገጫው እስኪወጣ ጉዞ የለም። ዘንድሮ ካልሆነ የሚመጣው ክረምት አለ፤ የቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ክረምት ለዚያ መንገድ ጥሩ ነው።

ለጓደኞቼ፦ ከመካከላችሁ አብሮኝ የሚሄድ ካለ ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ተማሪዬ ጋራዥ ይምጣ፣ እጁ ይቆሽሻል። ለልጅቷ አባት፦ ወንድሜ፣ ተቀይሜህ አይደለም። የኋላ ወንበር ቀበቶ እያስገባሁ ነው፣ የልጅህን ቦታ መጥተህ ለካልኝ።