ካቴድራል ማለት ወንበር ነው

ጅማ ውስጥ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስም ሲነሳ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚነሳ አንድ አባባል አለ፦ «ጣሊያን ያመጣው ነው»። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ከተማዋን አይተው ነው። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ፕላን አወጣ፣ ሰፋፊ መንገድ ቀደደ፣ መሥሪያ ቤትና ሲኒማ በድንጋይና በሲሚንቶ አቆመ። ስለዚህ ከተሜው የድሮ ግንብ ሲያይ ጣሊያን ይታየዋል፤ ካቶሊክ ሲባልም እንዲሁ።

አባባሉ ግን ከ75 ዓመት በላይ ይሳሳታል።

«ካቴድራል» የሚለው ቃል ትልቅ ሕንጻ ማለት አይደለም። ቃሉ የመጣው ወንበር ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ጳጳሱ ተቀምጦ የሚያስተምርበት መንበር ያለበት ቤት፣ ጎጆም ቢሆን፣ ካቴድራል ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን የጅማና የከፋ ምድር የመጀመሪያ መንበር በበቅሎ ጀርባ የሚዞር ነበር።

ሮም ለኦሮሞ አገር ሐዋርያዊ ቪካርያት ያቋቋመችው በ1846 ነው። እናርያንና ከፋን በእግሩ አይቶ የነበረው ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ሚሲዮን እንዲላክ ወትውቷል። የተሾሙት ጳጳስ ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጉልየልሞ ማስያስ ነበሩ። ነጋዴ መስለው፣ ተባረው፣ በግብጽና በሱዳን ዞረው፣ አባይን ተሻግረው ጉድሩ የደረሱት በ1852 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ! ባልደረቦቻቸው የሊሙ እናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ ፈቅደውላቸው በአገራቸው ተቀመጡ። እኒህ ንጉሥ ሙስሊም ነበሩ። ማስያስ ራሳቸው በ1859 ከፋ ገቡ፤ በ1861 ተባረሩ። ከኋላቸው የመጣ ጦር አልነበረም፤ ለነገሩ በ1859 ጣሊያን የሚባል አንድ መንግሥትም ገና አልተመሠረተም። ሕዝቡ ያወቃቸው በስብከታቸው ብቻ ሳይሆን በፈንጣጣ ክትባታቸውም ነበር።

ታዲያ ያ ዘመን ለምን በዓይን አይታይም? መልሱ ሥነ ሕንጻ ውስጥ ነው። የዚያ ጊዜ ጸሎት ቤቶች የተሠሩት እንደ ጎረቤቱ ቤት በእንጨት፣ በማገር፣ በጭቃና በሣር ክዳን ነው። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። የመኖሪያ ጎጆን ክዳን ከነቀዝና ከእርጥበት የሚጠብቀው የምድጃው ጭስ ነው፤ ጸሎት ቤት ደግሞ ምድጃ የለውም። ካህኑ በተባረረ ማግስት ክዳኑ ማፍሰስ ይጀምራል፣ ግድግዳው ይርሳል፣ ምስጥ ምሰሶውን ይጨርሳል። በጅማና በከፋ ዝናብ ጥቂት ክረምት በቂ ነው።

እንጨት ስለሆነ ብቻ ግን አይጠፋም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም የእንጨት ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል፤ ምክንያቱም ባለቤት ነበረው፣ ክዳኑን የሚያይለት ሰው ነበረ።

ከዚያ በኋላ ያለውም ታሪክ በመባረር የተሞላ ነው። በ1879 አባ ሊዮን ዴ ዛቫንሼ የተባሉት ካፑቺን ጌራ ውስጥ አረፉ፤ በዚያው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ማስያስን ከአገር አስወጡ። በ1913 ሮም የከፋን ሚሲዮን ለኮንሶላታ ማኅበር ሰጠች፤ ካህናቱ እንደገና በነጋዴ ስም ገቡ። ከ1941 በኋላ ጣሊያናውያን ሲወጡ እነሱም ወጡ። የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ አስተዳደር ራሱን ችሎ የቆመው በ1994 ነው፤ ወደ ቪካርያት ያደገው ደግሞ በ2009። በአዲስ አበባና በሰሜኑ ካቶሊክ የሚቀደሰው በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ በጅማ ግን የላቲን ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ የተከፈለ ክብ ቤተ ክርስቲያን የለመደ ሰው እዚህ ሲገባ መንበረ ታቦቱን ከበር ጀምሮ ፊት ለፊት የሚያሳይ ረጅም አዳራሽ ያገኛል። «ይህማ የውጭ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ጥርጣሬውም ከመሬት አልበቀለም። በጥቅምት 1935 የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር ኢትዮጵያ ላይ የተከፈተውን ወረራ በካቴድራላቸው ውስጥ ቆመው አወድሰዋል። ማስያስም ቢሆኑ ከፖለቲካ የጸዱ አልነበሩም፤ በሸዋ በነበሩበት ጊዜ የምኒልክ አማካሪ ሆነው ከጣሊያን ጋር ለተጀመረው ግንኙነት መንገድ ጠርገዋል። ይህን መደበቅ ለማንም አይበጅም። ግን የሹስተርን ኃጢአት በአባ ባጊቦ እንግዶች ላይ መጫን፣ ከዚያም አልፎ ዛሬ አጋሮ ወይም ቦንጋ ተወልዶ ቡና እየለቀመ ባደገ ካቶሊክ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰውየው በገዛ አገሩ እንግዳ የሚሆነው የአያቶቹ ጸሎት ቤት ከሣር ስለነበረ ነው እንጂ ስላልነበረ አይደለም።

ዛሬ ጅማም እንደ ሌሎች ከተሞች በኮሪደር ልማት መልኳን እየቀየረች ነው። ሲፈርስና ሲሠራ የሚሟገቱት ሰዎች ስለሚታየው ግንብ ይሟገታሉ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን በግንብ አይወስንም፤ ግዙፍነት የሌለውንም ይጨምራል። ሳይመዘገብ የቀረን ነገር ግን ማን ይጠብቀዋል?

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። አንደኛ፣ በጌራ፣ በሊሙና በከፋ ጸሎት ቤት የነበረባቸውን ቦታዎች የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ቦታው ይለይ፤ አንድ ድንጋይና አንድ ሰሌዳ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ በየሰበካው ያሉ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች ፎቶ ይነሱ፤ በእነዚያ ገጾች ላይ ያሉት የአገር ሰዎች ስሞች ናቸው። ሦስተኛ፣ ማስያስ በእርጅናቸው የጻፉት ባለ 12 ቅጽ ትዝታ ቢያንስ ከፋንና ሊሙን የሚመለከተው ክፍል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በከፊኛ ይውጣ። የሚሲዮናዊ ዓይን ነው፤ ይመዘናል፣ ይተቻል። ግን አያቶቻቸው የተጻፉበትን መጽሐፍ ልጆቹ ማንበብ ካልቻሉ ማን ይተቸዋል?

ይህ የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱና የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች የጋራ ሥራ ነው። ካልተሠራ ግን የጅማ ሰው የካቶሊኩን ታሪክ መጀመሪያ ከሲሚንቶው እየቆጠረ ይቀጥላል፤ ሲሚንቶ ደግሞ በጅማ የጣሊያን ነው።