የሁለት ቀን ዕረፍት ለማን ነው?

በአገራችን ልማድ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ፣ ለሙግት፣ ወይም የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ ይሄዳል። ምንም ጉዳይ ሳይኖረው፣ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ውሃ ዳር ተቀምጦ ለመመለስ ብቻ መንገድ መነሣት ግን በብዙዎቻችን ቤት ገና አዲስ ነገር ነው። አዲስ በመሆኑም ደንብ አልወጣለትም። ሰርግ ሲሆን ማን ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል፤ የዕረፍት ጉዞ ሲሆን ግን ሥራው ሁሉ ማንም ሳይመክርበት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ያም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባወራው ዓርብ ማታ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ «ነገ ሐዋሳ እንሄዳለን» ብሎ ያበሥራል። ልጆቹ ይዘላሉ። እናቲቱም ደስ ይላታል፤ ነገር ግን ደስታዋን ሳትጨርስ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። ዳቦ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ይተኰሳል፤ ሌሊቱ በዚህ ያልፋል። በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ሌሎቹ ፎቶግራፍ ሲነሡ እርስዋ ሕፃን ታቅፋ ትቆማለች፤ ምግብ ታቀርባለች፤ የረጠበ ልብስ ትቀይራለች። እሑድ ማታ ሁሉም «እንዴት ያለ ደስ የሚል ጊዜ ነበር!» እያለ ሲተኛ፣ እርስዋ የቆሸሸውን ልብስ ከሻንጣ ታወጣለች። ይህ እንግዲህ ለአራት ሰው ዕረፍት፣ ለአንድ ሰው ግን ቦታውን የለወጠ ሥራ ነው።

ስለዚህ ደመወዙን ቆጥቦ ቤተሰቡን ወደ አንድ የውሃ ዳር ከተማ ለመውሰድ የሚያስብ ወጣት ሠራተኛ፣ «የት እንሂድ?» ከማለቱ በፊት «በዚህ ጉዞ ማን ይረፍ?» ብሎ ይጠይቅ። የጉዞው ዕቅድ መልካምነት የሚለካው በታየው ቦታ ብዛት ሳይሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ቤቱን የተሸከመችው ሴት አርፋ በመመለስዋ ነው። ባለትዳር ላልሆነውም ተማሪ ወይም ሠራተኛ ነገሩ ያው ነው፤ እናቱን ሊያስደስት ወስዶ በጉዞ ላይ ምግብ አቅራቢ እንዳያደርጋት ያስብበት።

የመጀመሪያው ነገር ምክር ነው። ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ እሑድ ከቡና በኋላ፣ ቤተሰቡ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይቀመጥ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና ሥራው በስም ይከፋፈል። ልብስ የሚያዘጋጅ፣ ማደሪያ የሚይዝ፣ ሕፃኑን በመንገድ የሚጠብቅ፣ በመመለሻ ልብስ የሚያጥብ ማን እንደሆነ ይጻፍ። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ የራሱን ሻንጣ ማዘጋጀት ይችላል። ስንቁም ውሃ፣ ፍራፍሬና ዳቦ ቆሎ ብቻ ይሁን፤ ወጥ ጭኖ መሄድ ማድ ቤቱን አብሮ መጫን ነው። በቤት ውስጥ ሠራተኛ ካለችም እነዚያ ሁለት ቀኖች ለእርስዋም የዕረፍት ቀኖች ቢሆኑ የሚገባ ነው።

ሁለተኛው የመንገድና የሰዓት ነገር ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በመኪና ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ቤተሰብ በቀትር ይደርሳል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ—አዳማ ፈጣን መንገድ እስከ ሞጆ ያለውን ጉዞ አቃሎታል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በተርታ ይገኛሉ፤ በስተግራ ዝዋይና ላንጋኖ፣ በስተቀኝ አብያታና ሻላ። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለው ለልጆች ቢነገራቸው መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ይሆንላቸዋል። ሆኖም በየሐይቁ መቆም ድካም ነው። በመሄጃ አንድ ቦታ፣ በመመለሻ አንድ ቦታ ማረፍ ይበቃል። ከመነሣት በፊት ከዚያው አካባቢ ከሚኖር ሰው የመንገዱን ሰላም ጠይቆ መረዳት፣ በጨለማም አለመጓዝ ግዴታ ነው። እሑድ በቀትር ከሐዋሳ የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። «ኑሮ በዘዴ፣ ጾም በኩዳዴ» እንደሚባለው፣ ወጪው ከመነሣት በፊት ለመንገድ፣ ለማደሪያ፣ ለምግብና ለድንገተኛ ነገር ተብሎ በአራት ይከፈል። ለድንገተኛ የተያዘው ሳይነካ ቢመለስ ለሚቀጥለው ጉዞ መነሻ ይሆናል። በብድር መዝናናት ግን ዕረፍቱ ካለቀ በኋላ ለወራት የሚቆይ ድካም መግዛት ነው። ቀኑንም መምረጥ ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲሆን ብዙ ሕዝብ ወደ ሐዋሳ ይጎርፋል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ የገባው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሲከበርም እንዲሁ ነው። በዓሉን ለማየት የሚሻ ቤተሰብ ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ፤ ጸጥታን የሚፈልግ ግን ተራ ቅዳሜና እሑድን ይምረጥ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። ሐዋሳ ዘመድ ያለው ሰው ሆቴል መክፈሉ እንደ ብክነት ይታየዋል። ነገር ግን አምስት እንግዳ ድንገት ሲገባባት፣ የዚያች ቤት እመቤትም እንደ ሌላይቱ ሌሊቱን በማድ ቤት ታድራለች። የአንዲቱ እናት ዕረፍት በሌላይቱ እናት ድካም ከተገዛ ዕዳው ተላለፈ እንጂ አልተከፈለም። ዘመድ ሳይጠየቅ ታለፈ እንዳይባልም አስቀድሞ ደውሎ፣ ስኳርና ቡና ይዞ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ገብቶ መውጣት ፍቅርንም ክብርንም ይጠብቃል።

ወደ ከተማይቱ ስንመጣ፣ ሐዋሳ ለቤተሰብ የተመቸች ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. በመሆኑ ገና ወጣት ናት፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። መንገዶችዋ ሰፊና ሜዳማ ስለሆኑ ሽማግሌም ሕፃንም ሳይደክሙ ይሄዱባቸዋል። ሐይቁ ከከተማይቱ በስተምዕራብ በመሆኑ ፀሐይ የምትጠልቀው በውሃው ላይ ነው። ስለዚህ የቅዳሜው ዕቅድ አንድ ብቻ ይሁን፦ ምሳ በልቶ መተኛት፣ ከዚያም ወደ ማታ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በእግር መንሸራሸር። የእሑድም ዕቅድ አንድ ይሁን፦ በማለዳ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ሲወርዱ ማየት። አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ አሞራ በሰው መካከል እየተራመደ ርጋፊ ሲለቅም፣ ጉሬዛውም በዛፉ ላይ ሲዘል ለልጆች ከማናቸውም ትርኢት ይበልጣል። ቆሮሶው እዚያው ተጠብሶ፣ ሾርባው ትኩሱን ሲቀርብ ቁርስም ምሳም ይሆናል። ታቦር ተራራ መውጣት የሚፈልግ ወጣት ይውጣ፤ እናት ግን ከፈለገች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ውሃውን ትመልከት። ምንም ሳይሠሩ መቀመጥ ሥራ ፈትነት የማይባልበት ቀን ቢኖር ይህ ነው።

ጥንቃቄውንም መርሳት አይገባም። ሐይቁ ጉማሬ አለበት፤ በቅርብ አይቀርቡትም። በጀልባ የሚሄድ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ይልቁንም ለሕፃናት፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን አይቶ ይሳፈር። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ስለሆነ ልጆችን በዳርቻው ውሃ ውስጥ ማስገባት መልካም አይደለም። ከተማይቱ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆንዋ የወባ ትንኝ ይደርስባታል፤ ማደሪያ ሲያዝ አጎበር መኖሩን መጠየቅ፣ ማታም እጀ ረጅም ልብስ መልበስ ይገባል።

በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ ዕረፍት መናገር ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። አቅም የሌለው ሰው እንዳለ እናውቃለን። ለዚህ ጉዳይ ግን የርቀቱ ትልቅነት አያስፈልግም። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞሉም፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ያም ባይቻል አንድ እሑድ ባልና ልጆች ማድ ቤቱን ተረክበው እናቲቱን ከዛፍ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይችላሉ። ይህን በቤቱ ያልለመደ ቤተሰብ ሐዋሳ ቢሄድም አይለምደውም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውስ። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ የለም። እንግዳ የጣለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ከነቆሻሻው እዚያው ይቀራል። ወላጅ ልጁን «የራስህን አንሣ» ብሎ በሐይቁ ዳር ቢያስተምረው፣ ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ የበላበትን ሳህን ለእናቱ ትቶ አይነሣም። ከሁለት ቀን ጉዞ ይህን ይዞ የተመለሰ ቤተሰብ ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም።