የተማሪው ሥራ በኮምፒውተር ውስጥ እንዳይጠፋ

በዛሬው የቤተሰብ አምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ለብዙ እናቶች የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም ተማሪ ልጆቻችን በኮምፒውተር የሚጽፉትን ሥራ እንዴት ስም ሰጥተው፣ በየዓይነቱ ለይተውና ከጥፋት ጠብቀው ሊይዙት እንደሚገባ ነው። ጠጋ ብለን ስንመለከተው ግን የበርበሬውን፣ የሽሮውንና የቅመሙን ዕቃ ለይታ በየመደርደሪያው የምታስቀምጥ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የቤት ካርታውን በአንድ ሻንጣ አድርጋ የምትጠብቅ እናት የዚህን ሙያ መሠረት አስቀድማ ታውቀዋለች።

በከተማ የሚማር ልጅ ዛሬ የቤት ሥራውንና የቡድን ሥራውን፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው በአብዛኛው በኮምፒውተር ነው። ደብተር ቢጠፋ ከጓደኛ ተውሶ መገልበጥ ይቻላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ተማሪው ራሱ መጠይቅ በትኖ፣ መልሱን ሰብስቦ፣ ለወራት የደከመበት በመሆኑ ከማንም አይገለበጥም። የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ጽሑፉ የት እንደገባ ያልታወቀ እንደሆነ፣ የልጁ ድካም ብቻ ሳይሆን ከደመወዟ ቀንሳ ያስተማረችው እናትም ድካም ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ለልጆች ብቻ የሚተው አይደለም።

ለመሆኑ ፎልደር የሚባለው ነገር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካው ዜሮክስ ኩባንያ «ስታር» የተባለውን ኮምፒውተር ለገበያ ሲያቀርብ፣ በመስኮቱ ላይ የጽሕፈት ጠረጴዛን፣ የወረቀት ማኅደርን፣ የገቢና የወጪ ደብዳቤ ማስቀመጫን የሚመስሉ ሥዕሎች አድርጎበት ነበር። ይህም የሆነው የቢሮ ሠራተኞች የለመዱትን አሠራር በኮምፒውተር ላይ እንዲያገኙት ታስቦ ነው። እንግዲህ በመዝገብ ቤት ወይም በጸሐፊነት የምትሠራ አንባቢያችን በልጇ ኮምፒውተር ላይ የምታየው የራሷን ሙያ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ። በመዝገብ ቤት «ፋይል» የምንለው ብዙ ደብዳቤ የሚታሰርበትን ማኅደር ሲሆን፣ በኮምፒውተር «ፋይል» የሚባለው አንዱ ጽሑፍ ወይም አንዱ ፎቶግራፍ ነው፤ ማኅደሩ ደግሞ «ፎልደር» ይባላል። ይህ ከታወቀ የቀረው ቀላል ነው።

አንደኛው ነገር ስም ነው። ተማሪዎች ጽሑፋቸውን «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ ቀጥሎም «የመጨረሻው ፋይናል» እያሉ ስለሚያስቀምጡ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሳቸውም አይለዩትም። ስም የትምህርቱን ዓይነት፣ የሥራውን ርእስና ቀኑን ቢይዝ ሳይከፈት ይታወቃል። ለምሳሌ «ባዮሎጂ-የዕፀዋት ክፍሎች-2018-03-12» ቢባል ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ በቅደም ተከተል ስለተጻፉ፣ የአንድ ርእስ ሥራዎች በስም ሲደረደሩ የቀደመው ከላይ፣ የኋለኛው ከታች ይሰለፋል። ወሩና ቀኑም ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ቢጻፉ ተራው አይዛባም።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዊንዶውስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒውተር በፋይል ስም ውስጥ እዝባርን አይቀበልም። ስለዚህ «12/3/2018» ወይም «ት/ቤት» ብሎ ሊሰይም የሞከረ ተማሪ ኮምፒውተሩ እምቢ ቢለው ግራ ሊገባው አይገባም፤ በእዝባሩ ፈንታ ጭረት ማድረግ ወይም ቃሉን ሳያሳጥሩ መጻፍ ይበቃል። በዶስ ዘመን የፋይል ስም ከ8 ፊደል እንዳይበልጥ ግዴታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 «ዊንዶውስ 95» ከወጣ ወዲህ ግን ረዘም ያለ ስም መስጠት ተችሏል፤ በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮችም በአማርኛ ፊደል መሰየም ይቻላል። ስለዚህ በስም ላይ መሰሰት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነገር ቦታ ነው። በመጀመሪያ በልጁ ስም አንድ ፎልደር ይከፈታል። በውስጡ «9ኛ ክፍል»፣ «10ኛ ክፍል» እየተባለ በየዓመቱ አንድ ፎልደር ይጨመራል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ደግሞ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ እየተባለ ይለያል። ሦስት ደረጃ ለአንድ ተማሪ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ማብዛት እንደገና ወደ ፍለጋ ይመልሳል። መምህራን በቴሌግራም የሚልኩት ጥያቄና መጽሐፍ ሲወርድ «ዳውንሎድስ» በሚባለው ቦታ ተከማችቶ ይቀመጣል። ይህ ቦታ ከገበያ የመጣ አስቤዛ እንደሚራገፍበት ወለል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሚፈለገው ወደየፎልደሩ ቢገባና የማይፈለገው ቢሰረዝ ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነው። ጥሩ ጸሐፊ የደብዳቤውን ካርቦን ኮፒ ሳታስቀር ዋናውን እንደማትሰጥ ሁሉ፣ ተማሪም አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ ማደር የለበትም። በአንድ ፍላሽ ውስጥ በሁለት ፎልደር ማስቀመጥ ሁለት ቅጂ አይባልም፤ ፍላሹ ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉና። አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሌላው በፍላሽ ወይም በኢንተርኔት ላይ ሊሆን ይገባል። ለራስ ኢሜይል መላክ፣ ጎግል ድራይቭ ላይ መጫን፣ ወይም ቴሌግራም ለግል ማስቀመጫ በሚሰጠው ክፍል ማኖር ይቻላል። ሥዕል ያልበዛበት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት ስለማይበልጥ የሚበላው የኢንተርኔት ሒሳብ ጥቂት ነው።

ስለ ፍላሽ ጥቂት እንጨምር። በኮምፒውተሩ ላይ የተሰረዘ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ «ሪሳይክል ቢን» ከሚባለው ቅርጫት ሊመለስ ሲችል፣ ከፍላሽ ላይ የተሰረዘው ግን ወደዚያ ቅርጫት አይገባም። ስለዚህ ከፍላሽ ላይ ከመሰረዝ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባል። እንዲሁም ፍላሹ ቫይረስ ሲይዘው ፎልደሮቹ ተሰውረው በምትካቸው ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ብቻ ሊታዩ ይችላሉ። ይህን ያየ ተማሪ ደንግጦ «ፎርማት» ማድረግ የለበትም። ሥራው ብዙ ጊዜ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አይደለምና፣ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማሳየት ይሻላል። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ቤትም በየአንቀጹ «ኮንትሮል»ንና «ኤስ»ን አንድ ላይ በመጫን ሥራን ማስቀመጥ ሊለመድ ይገባል።

በቤቷ ኮምፒውተር የሌላት ተማሪ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት መሥራቷ አይቀርም። እዚያ ሲታተም የአማርኛው ፊደል ወይም የገጹ አቀማመጥ እንዳይበላሽ ጽሑፉን በ«ፒዲኤፍ» መልክ ጭምር ይዞ መሄድ ይበጃል። ከሁሉ በላይ ግን መታወቂያዋ፣ የትምህርት ማስረጃዋና ፎቶግራፏ በማታውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ቀርተው እንዳይገኙ፣ ከማተሟ በኋላ መሰረዝ፣ «ሪሳይክል ቢን»ንም ባዶ ማድረግ፣ ከከፈተችው ኢሜይልና ቴሌግራም መውጣት ይኖርባታል።

በመጨረሻም ስለ ሴት ልጆቻችን ሳናነሣ አናልፍም። አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ልጅ በሆነበት ቤት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ወጥ የምትሠራውና ዕቃ የምታጥበው ሴት ልጅ ኮምፒውተሩን የምታገኘው ሌላው ከተኛ በኋላ ነው። በድካምና በጥድፊያ የጻፈችውን ስም ሳትሰጥ ጥላው ትተኛለች። በማግሥቱ ታናሽ ወንድሟ ለጨዋታው ቦታ ሲፈልግ ይሰርዘዋል። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ለእያንዳንዱ ልጅ በየስሙ ፎልደር መክፈት፣ ቢቻልም በየራሱ የይለፍ ቃል የሚገባበት መለያ ማዘጋጀት አንዱ መፍትሔ ነው። ነገር ግን የቤቱን ሥራ ለወንዱም ለሴቷም አካፍሎ የኮምፒውተሩን ሰዓት እኩል ማድረግ ካልተቻለ፣ ፎልደር ብቻውን አያድናትም። ይህ ደግሞ የአባትና የእናት ውሳኔ ነው።

እናቶች ሆይ! ይህን ሁሉ ለመቈጣጠር ኮምፒውተር መንካት የግድ አያስፈልግም። ልጅዎ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ሦስት ነገር ይጠይቋት። «ልጄ፣ ዛሬ የሠራሽውን ምን ብለሽ ሰየምሽው? የት አስቀመጥሽው? ሁለተኛው ቅጂስ የት ነው ያለው?» ለሦስቱም ሳታመነታ ከመለሰች ሥራዋ በደኅና ቦታ አለ ማለት ነው። ካመነታች ግን መኝታው ትንሽ ቢዘገይ ይሻላል።