ወንዝን በበጋ ጠይቁት

የሞላ ወንዝ ወዳጅ አያጣም። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈካ ድልድይ ላይ ቆሞ፥ «እንዴት ያለ ውሃ ነው!» የሚል ብዙ ነው። በጥር ግን ያንኑ ወንዝ ሊጠይቅ የሚሄድ የለም፤ ቢሄድም ጠጠርና አሸዋ ያገኝና፥ «ዘንድሮ ሰማዩ ጨከነብን» ብሎ ይመለሳል። አንባቢ ሆይ፤ ሰማይን ከመክሰሳችን በፊት ወደ ላይ እንውጣ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ከአጣዬና ከጀውሃ ቆላ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ያየ ሰው የመንዝን ገደል ያያል። ከገደሉ አናት ላይ ጓሳ አለ፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ፥ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ስሙም የሣሩ ስም የሆነ ውርጫም አገር ነው። ከዚያ የሚነሣው ውሃ ወደ ሁለት ይከፈላል፤ የምሥራቁ ወደ አዋሽ፥ የምዕራቡ በወንጭትና በጀማ በኩል ወደ አባይ ይወርዳል።

ጎብኚው ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን አይቶ ይደሰታል፤ የረገጠውን ሣር ግን ልብ አይልም። ይኸው ሣር ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ የዝናቡን ኃይል ይሰብራል፤ ሥሩ ያላላው አፈርም ውሃውን ጠጥቶ ይዞ በበጋ ጥቂት በጥቂት ለምንጮች ይለቃል። ሣሩ የተነሣለት መሬት ግን በዝናብ ተደብድቦ ይደድራል፤ ውሃውም ሳይሰርግ አፈሩን ይዞ ይሮጣል። እርግጥ ነው፥ የቆላ ወንዝ ሁሉ በሰው ጥፋት ብቻ አይደርቅም። ዳሩ ግን አናቱ በተራቆተ አገር በነሐሴ የሚያገሳው ጎርፍና በጥር የሚታየው ደረቅ አሸዋ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የመንዝ ሰው ጓሳን ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት ጠብቆ ኖረ። ሣሩ 3 ዓመት፥ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ሲከፈትም ሁሉ በተፈቀደለት ቀን ለቤቱ ክዳንና ለገመዱ ያጭዳል። ይህ ሥርዐት ነውር አልነበረውም አልልም፤ መብቱ ለአስቦና ለጌራ ዘር ብቻ ነበርና ሌላውን ያገልል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮ ፈረሰ። ነገር ግን ሕዝቡ ጉዳቱን አይቶ በገበሬ ማኅበራቱ በኩል ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው። ነውሩን ጥሎ ቁም ነገሩን አስቀረ ማለት ነው።

«ሰው ከሚራብ ሣሩ ይታረስ» የሚል አለ። የራብተኛ ቃል አይናቅም። ነገር ግን በዚያ ከፍታ ገብሱን ውርጭ ይቀድመዋል፤ ተዳፋቱ የታረሰ እንደ ሆነ አፈሩ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሣሩም ገብሱም ይቀራሉ።

ይሁን እንጂ የእኔ ሙግት ከራብተኛው ጋር አይደለም፤ ከጠገበው ጋር ነው። በቆላ በዚያ ውሃ መስኖ የሚያለማው፥ በከተማ ተቀምጦ «ጓሳ ይጠበቅ» የሚለው፥ ፎቶግራፉን አንሥቶ የሚሄደው፥ ሁሉም በመንዜው ትዕግሥት ይጠቀማሉ። እርሱ ማጭዱን በሰቀለ ጊዜ፥ ከብቶቹን ከዘጋው ሣር በመለሰ ጊዜ፥ ስለ እነርሱ ጭምር ጦም ያድራል። እነርሱ ግን ምን መለሱለት? ምስጋና? ምስጋና ቤት አይከድንም፤ ከብትም አያበላም። አንዱ እየጦመ ሌላው የሚፈስክበት ጥበቃ ፍትሕ አይደለም፤ ፍትሕ የሌለውም ነገር አይሰነብትም።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፤ ወንዝህን በበጋ ጠይቀው። ጥቂት ውሃ እንኳ ካገኘህበት ከማን እጅ እንደ ተቀበልህ እወቅ፤ ዐውቀህም ለጠባቂው ድርሻውን ክፈል። ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዋጋው ግን ከታች ወደ ላይ ሊወጣ ይገባል።