ከመዝገብ የቀረችው የአዮዋ ገበሬ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በየመሥሪያ ቤታችን ስለ አሜሪካን እርሻ ሲወራ የሚነሣው ትራክተሩ፤ የማጨጃው መኪናና የበቆሎው ብዛት ነው። ከአዮዋ፤ ከነብራስካ፤ ከኢሊኖይና እነርሱን ከመሳሰሉት የመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች በእርሻ ቤት ተወልዳ ስላደገችው ሴት ግን የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። እኔ በ1998 ለትምህርት ወደ አዮዋ ሄጄ ኤምስ በምትባለው ከተማ አጠገብ ሁለት ዓመት ስለ ተቀመጥሁ ኑሮዋን በመጠኑ አይቻለሁ። ይልቁንም ነገሩ መዝገብ ለምንይዝና ቅጽ ለምናዘጋጅ የመንግሥት ሠራተኞች የሚነካ ስለሆነ ይህን ጥቂት ቃል በአምድዎ እንዲያወጡልኝ እለምናለሁ። (የማነሣው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አገር ከአሥር የእርሻ ቤቶች ኤሌክትሪክ የነበረው አንዱ ያህል ብቻ ነበር። የከተማይቱ እመቤት ቁልፍ ተጭና ቤቷን ስታበራ፤ ከሁለት ሦስት ማይል ወዲያ ያለችው የገበሬ ሚስት ውሃ ከጉድጓድ በእጇ እየሳበች፤ በምድጃ እያፈላች ልብስ ታጥብ፤ ማታም በላምባ ትሠራ ነበር። የግል ኩባንያዎች ሽቦውን ወደ ገጠር መዘርጋት አያዋጣንም ስላሉ መንግሥት በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ገበሬዎችም በማኅበር ተደራጅተው በብድር ምሰሶ ተከሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ መብራት ያልደረሰው ቤት ጥቂት ነበር። አሜሪካ ሁሉ በአንድ ቀን የበራች የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

የማውቃቸው ባልቴት፤ እኔ በአገሬ ልማድ «እማማ» እላቸው የነበሩት፤ በ1931 የተወለዱት እንዲህ ባለ ቤት ነው። በስድስት ዓመታቸው ዕንቁላል ይለቅሙ፤ በአሥር ዓመታቸው ላም ያልቡ፤ በመውቂያ ሰሞን ከእናታቸው ጋር ለሃያ ሠራተኛ ምሳ ያደርሱ ነበር። ቀሚሳቸው ከዱቄትና ከዶሮ መኖ ከረጢት የተሰፋ ነው። ፋብሪካዎቹ ከረጢቱን ለልብስ የምትፈልገው ሴቲቱ መሆኗን ስላወቁ አበባ ያትሙበት ጀመር፤ ባልም መኖ ሊገዛ ሲሄድ የተጀመረውን ቀሚስ የሚመስል ከረጢት ለይቶ እንዲያመጣ ይታዘዝ ነበር ብለው አጫውተውኛል። እኛም ዘንድ የማዳበሪያ ከረጢት ስንት ሥራ እንደሚሠራ የገጠር ልጅ ያውቀዋል።

ዋናው ነገር ግን የዕንቁላሉ ገንዘብ ነው። የበቆሎና የአሳማ ሽያጭ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶ ለመሬት ዕዳና ለዘር ይሄዳል። ስኳሩ፤ ቡናው፤ ጫማውና የልጆች ደብተር የሚገዛው ሴቲቱ በየሳምንቱ ወደ ከተማ ወስዳ ከምትሸጠው ዕንቁላልና ስልባቦት ነበር። በ1930ዎቹ የእህል ዋጋ በወደቀ ጊዜ ስንቱን ቤት ከመበተን ያቆየው ይህ ሳንቲም ነው። ሆኖም «የዕንቁላል ገንዘብ» ተባለ እንጂ የእርሻ ገቢ አልተባለም፤ ሴቲቱም ባሏን ታግዛለች ተባለ እንጂ ገበሬ አልተባለችም።

የስም ነገር ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ሕግ ግን የሚሠራው በስም ነው። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት እርሻ፤ ባል ሲሞት፤ ሁሉም የእርሱ ብቻ እንደ ነበረ ተቆጥሮ የውርስ ግብር ይጠየቅበት ነበር። መበለቲቱ ከዚህ ለመዳን ንብረቱ ሲገዛ ያዋጣችውን በማስረጃ ማሳየት አለባት። ሰዎቹ ይህን «የመበለት ግብር» ይሉት ነበር። እማማ ባላቸው በ1974 ሲሞቱ የሃያ ዓመት የዕንቁላል ሒሳብ የጻፉባቸውን ደብተሮች በካርቶን ተሸክመው ቀረቡ። ሹሙም ገንዘቡ ለቀለብ ዋለ እንጂ ለመሬቱ አልተከፈለም ብሎ መለሰላቸው። ከመሬታቸው ከፊሉን ሸጠው ከፈሉ። ቀለቡን እርሳቸው ባይችሉት ኖሮ የመሬቱ ዕዳ በምን ይከፈል ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የገበሬ ሴቶች ፊርማ እያሰባሰቡ ከጮኹ በኋላ ሕጉ በ1976 በመጠኑ ተሻሻለ፤ በ1981 ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚወራረሱት ንብረት ከዚህ ግብር ነጻ ሆነ።

ቆጠራውም እንደዚሁ ነው። የአገሩ የእርሻ ቆጠራ የገበሬውን ጾታ የጠየቀው በ1978 ነው። እስከ 2002 ድረስ ደግሞ ለአንድ እርሻ ዝርዝሩ የሚጻፈው የአንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ባል ነበር። በ2017 ቅጹ ተሻሽሎ እስከ አራት ሰው እንዲጻፍና ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ እንዲጠየቅ ሲደረግ፤ በ2012 ከመቶ 30 የነበሩት ሴቶች ከመቶ 36 ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም 1.2 ሚሊዮን ያህል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሴት በአምስት ዓመት ውስጥ አዲስ ማረሻ አልጨበጠችም፤ ብዙዋ ድሮም እዚያው ነበረች።

በእኛ አገር በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ መደረጉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የምታልብ፤ የምታርምና የምታጭድ ሴት በስንቱ ቅጽ ላይ «የቤት እመቤት» ተብላ ትሞላለች! ጸሐፊው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የተሰጠው ክፍት ቦታ አንድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎች የሚቀጥለውን ቅጽ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካቸው በፊት፤ የሚዘራውን የሚወስነው ማነው፤ የሚሸጠውን ከብት የሚመርጠው ማነው፤ ሒሳቡንስ የሚይዘው ማነው የሚሉ ሦስት መስመሮች እንዲጨምሩበት በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ